ስኳር የከለከለው ሐኪም

ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሮ» ይለዋል። ሙሉ ስሙ የሚነበበው በባንክ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ባይነበብ ይሻለው ነበር፣ ኋላ እንደርስበታለን። ሜትሮ የተባለው ቢጫው የልብስ መለኪያ ሜትር ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ ነው። ሰርግ ተጠርቶ ሙሉ ልብስ ለብሶ ሲሄድ እንኳ ሜትሩ ከክራባቱ ጎን ይንጠለጠላል። ሚስቱ አንድ ጊዜ ሰው ፊት ጎተት አድርጋ፣ «እኔ ይሄን ሰውዬ ያገባሁት ከነመለኪያው ነው» ብላ ዕድምተኛውን ሁሉ አስቃለች።

ልብስ መስፋት ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሱቁ ጠባብ ናት። በግራ መቁረጫ ጠረጴዛው፣ በቀኝ የስፌት መኪናው፣ ከኋላ ደንበኛ ልብስ የሚሞክርበት መጋረጃ። ልኩ ሲወሰድ ሆዱን ወደ ውስጥ የሚስብ ደንበኛ ከገጠመው፣ ጀርባውን መታ መታ እያደረገ «ተንፍስ ጌታዬ። እዚህ ቤት ሆድ አይደበቅም። ሰው ይዋሻል እንጂ ሜትር አይዋሽም» ይለዋል። ይቺ አባባሉ በሰፈሩ የታወቀች ናት። ኋላ ፊቱን ያቃጠለችውም እሷው ናት።

እጁ ደግሞ ሰፊ ነው። ወር በገባ ቁጥር ከቁርጥራጭ ጨርቅ በሰፋት ትንሽ ከረጢት የቤት ወጪ ለሚስቱ ይሰጣል፤ ምን ላይ ዋለ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ልጁ ጫማ ስትጠይቀው ቦርሳ ጨምሮ የሚገዛ አባት ነው።

ጉዱ የመጣው በትምህርት ቤት ዩኒፎርም በኩል ነው። አንድ ትምህርት ቤት የሦስት መቶ ተማሪ ልብስ አዘዘው። በዕድሜው እንዲህ ያለ ሥራ አይቶ አያውቅም። ከሚስቱ ጋር ፈርሞ፣ ቤቱንና ሱቁን አስይዞ ከባንክ ተበደረና ሁለት አዳዲስ የስፌት መኪና ገዛ። ጨርቁን ደግሞ ከጨርቅ ነጋዴው በዱቤ ወሰደ። ነጋዴው በዕድሜ የገፉ፣ ለሜትሮ እንደ ታላቅ ወንድም የሆኑ ሰው ናቸው፤ ወረቀት እንኳ አላስፈረሙትም።

እንግዲህ የልብስ ሰፊ የመጀመሪያ ትምህርቱ፣ የጥጥ ጨርቅ ውሃ ሳይጠጣ መቀስ አይነካውም የሚል ነው። ይነከራል፣ ይሰጣል፣ ይደርቃል፣ ይተኮሳል። መኮማተር ያለበት ይኮማተርና ከዚያ ይቆረጣል። ሜትሮ ይህን ለስንቱ አስተምሯል፤ ለሚስቱም ጭምር። ነገር ግን የተሰጠው ጊዜ ሦስት ሳምንት፣ ሰማዩ ደመና፣ ይህን ሁሉ ጥቅል ማስጫ ቦታ ከየት ይምጣ? «ይሄስ ጥሩ ጨርቅ ነው፣ አይኮማተርም» አለና በደረቁ ቆረጠው። ማታ ሚስቱ፣ «ጨርቁን ነክረኸዋል አይደል?» ስትለው «እንዴታ» ብሎ መለሰላት። የመጀመሪያዋ ውሸት ይቺ ናት። ትንሽ ናት፤ ከቁልፍ ቀዳዳ አትበልጥም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ልብሶቹ ሲረከቡ ሥዕል ይመስሉ ነበር። በታጠቡ ማግስት ግን እጅጌው ወደ ክርን፣ ሱሪው ወደ ጉልበት መንገድ ጀመረ። ዳይሬክተሩ ሦስት መቶውንም በጆንያ አስጭነው መለሱለት። «ተማሪዎቼ በአንድ እጥበት አደጉ ብዬ ልደሰት ነበር» አሉት። ስሙን ለማዳን ሌላ ጨርቅ በሌላ ዱቤ ወስዶ እንደገና ሰፋ። ስለዘገየ ከክፍያው ቆርጠው የሰጡት ገንዘብ የባንኩን አንድ ወር እንኳ በቅጡ አልሸፈነም። ለሚስቱ «ቀለሙን አልወደዱትም» አላት።

ከዚያ የባንኩ ደብዳቤ መጣ። በዘጠና ቀን ውስጥ ውዝፉ ካልተከፈለ ቤቱም ሱቁም በሐራጅ ይሸጣል ይላል። ሜትሮ ሦስት ጊዜ አነበበው። እንደ ሸሚዝ ኮሌታ አጣጥፎ ከስፌት መኪናው መሳቢያ፣ ከቁልፎቹ ሥር ከተተው።

ወጪ መቀነስ ግድ ሆነ። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ላይ ዋለ ብሎ ያልጠየቀ ሰው ዛሬ ተነሥቶ «ሥጋው ይቅር» ቢል፣ «ለምን?» ትለዋለች። ለምን ካለች ደብዳቤው ይመጣል፤ ከደብዳቤው ዩኒፎርሙ፣ ከዩኒፎርሙ ያልተነከረው ጨርቅ። አንዱን ክር ሲስቡት ቅምቅማቱ ሁሉ የሚተረተር ነገር ነው። እና አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ሳያስበው፣ ሳህኑን ገፋ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«ሐኪሙ ሥጋ ከልክሎኛል።»

ሚስቱ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። «የምን ሐኪም?»

«አንድ ሐኪም ነው። ደንበኛዬ ኮት ሊያሰፋ ሲመጣ አብሮት መጥቶ፣ ዓይኔን አይቶ ነገረኝ። ብዙ አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው።»

ተሳካ። በማግስቱ ሥጋ አልተገዛም። ከሦስት ቀን በኋላ ሐኪሙ ስኳር ከለከለ። ከዚያ ታክሲ ከለከለ፤ መራመድ ለደም ዝውውር ጥሩ ነው። ከዚያ የቴሌቪዥኑን ወርኃዊ ክፍያ ከለከለ፤ ለዓይን አይስማማም። እንዲህ ያለ ቆጣቢ ሐኪም በዓለም ላይ ተወልዶ አያውቅም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆነችው ልጁ፣ «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ሐኪም ነው ወይስ የገንዘብ ሚኒስትር?» አለችው። ሳቀ።

ከሱቁ ፊት ለፊት የሚሠራው ሻንጣ ጠጋኝም በእግሩ ሲመጣ አይቶ መዶሻውን አስቀመጠና ጠየቀው። ሜትሮ ለሱም ያንኑ ተረከለት። ሻንጣ ጠጋኙ ከልቡ አዳመጠ። «ጎበዝ ሐኪም ነው» አለ። «ከሥጋ ሌላ ምን ምን ይከለክላል?»

ሁለት ሳምንት እንደሄደ ሜትሮ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት ፖም አገኘ። በማግስቱ ፖምና ዓሣ። በሦስተኛው ቀን ማር። የአንዱን ፖም ዋጋ ያውቃል፤ ከአንድ ጥቅል ክር ይበልጣል። «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» ቢላት፣ «የታመመ ሰው ምግብ ነው፣ ዝም ብለህ ብላ» አለችው። እሱ በአንድ በኩል ሲቆርጥ ቤቱ በሌላ በኩል ይጨምራል። ማርም እንዲህ ይመርራል? ሚስቱ ደግሞ ዝም እያለች መጣች። ጠዋት ሲነሣ ፊቱን ስታጠና ያገኛታል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሱቁ በር ጨለመ። ቀና ሲል ጨርቅ ነጋዴው ናቸው፤ ከኋላቸው ሚስቱ አለች። የሜትሮ እግር ከመኪናው መርገጫ ላይ ሸሸ። ነጋዴው ሁለት ወር ሙሉ ስልክ ሲደውሉለት አላነሣም ነበር።

«ወንድሜ» አሉት ወንበር ስበው እየተቀመጡ፣ «እኔ በስልክ አስጨንቅሃለሁ፣ ለካ አንተ ከዚህ የከፋ ይዞሃል። ባለቤትህ ትናንት ለሕክምናህ ብድር ልትጠይቀኝ መጣች። እኔም አፌ አያርፍ፣ የጨርቁን ዕዳ ተይው፣ የባንኩንም ውዝፍ እናያለን፣ እሱ ብቻ ይዳን አልኳት። አታውቅም ኖሯል። ይቅር በለኝ።»

ሜትሮ ሚስቱን ለማየት አልቻለም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠመኔ ያያል።

«ከእኔ በኩል ስድስት ወር አንዲት ሳንቲም አትጠየቅም» ቀጠሉ ነጋዴው። «ባንኩም ዘንድ አብሬህ እሄዳለሁ። ሥራ አስኪያጁን አውቀዋለሁ፤ የውዝፉንም ነገር የሰማሁት ከእሱ ነው። የታመመ ሰው ቤት በሐራጅ አይሸጥም ብዬ እለምነዋለሁ።»

ሚስቱ ቀረብ ብላ አንድ ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ብድሩን አልወሰድኩም። የእናቴን አምባር ሸጬ የምርመራውን ከፍያለሁ፤ ለነገ ቀጠሮ አለህ። ዕዳውንም ሕመሙንም ብቻህን ተሸክመህ...» ደረሰኙን ወደ እሱ ገፋችው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እኮ።»

አሁን «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ብቻ ይበቃዋል። ቤቱ ይተርፋል። ሱቁ ይተርፋል። ማንም አያውቅም፤ ከስድስት ወር በኋላ ቀስ ብሎ መዳን ነው። ቃሏ ምላሱ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ደረሰኙን የገፋችበትን እጇን አየ። አምባሩ የነበረበት ቦታ በሃያ ዓመት ፀሐይ ያላየ ነጭ ቀለበት ሆኖ ቀርቷል። ሜትሮ አንገቱን ደፋ።

«አልታመምኩም» አለ።

«እንዲህ ነው የሚጀምረው» አሉ ነጋዴው በሐዘኔታ። «አባቴም አልታመምኩም እያለ ነው የሞተው።»

«አይደለም ጋሼ። ሐኪም የሚባል አላየሁም። ሥጋውም ስኳሩም ወጪ ለመቀነስ ነው። ዕዳ አለብኝ ብዬ መናገር አፈርኩ።»

ከማዶ የሻንጣ ጠጋኙ መዶሻ ይሰማል። ነጋዴው ቀስ ብለው ተነሡ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡት በተሻለው።

«እንግዲያው ጤነኛ ሰው ዕዳውን ይከፍላል» አሉ። «ስድስት ወሩን የሰጠሁት ለበሽተኛ ነበር። ነገ ከቀጠሮህ በኋላ ናና እንነጋገራለን። ስልክም ስደውል አንሣ።» ወጡ።

ሚስቱ ነጋዴው በተነሡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሜትሮ መሬት ተከፍታ ብትውጠው አይጠላም።

«ሦስት ሳምንት ሻዬን ያለ ስኳር ጠጣሁ» አለች። «አንተ ፊት ስኳር መጨመር አሳዝኖኝ።»

ሜትሮ ጠመኔውን አንሥቶ መልሶ አኖረው።

«ጨርቁንስ? ነክረኸው ነበር?»

ከዕዳውም፣ ከሐኪሙም ይልቅ ይቺ ከበደችው። «አልነከርኩትም» አለ። ሰው ይዋሻል እንጂ ሜትር አይዋሽም የሚለው ሰውዬ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውጥቶ ጭኑ ላይ አኖረው። ሚስቱ ያን ሜትር ወርዶ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ፊቷ ትንሽ ተለወጠ፤ ለቁጣ ይሁን ለሐዘን አልለየም።

«ሳይነከር አይቆረጥም ያልከኝ አንተ ነህ» አለች። «ቤትህንም በደረቁ ቆረጥከው። አሁን ያን ጠመኔ አምጣው።»

ልጃቸውን ጠሩ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ የኮት ጀርባ በሚሰመርበት ቦታ፣ ሚስቱ በጠመኔ የወሩን ወጪ ከላይ እስከ ታች ጻፈች። የማያውቀው ስንት ነገር ነበረ። ማንም የማይደውልበት ሁለተኛ ስልክ ይከፈልበታል። ልጁ ለማትሄድበት የኮምፒውተር ትምህርት ይከፈላል፤ «አባዬ እንዳይከፋው ብዬ ነው ያልነገርኩት» አለች አንገቷን ደፍታ። ሻይ ቤት በየቀኑ ለደንበኛ የሚጋብዘው ሻይ፣ ሲደመር ከአንድ ወር የመብራት ክፍያ ይበልጣል። ያቺን መስመር ሲያይ ሜትሮ ጆሮው ድረስ ጋለ። ኋለኛው ክፍል ይከራይ፣ አዲሶቹ መኪናዎች ይሸጡ፣ ፖም ይቅር፣ ሥጋ በሁለት ሳምንት አንዴ ይግባ ተባለ። ስኳር ተመለሰች፤ ከመጀመሪያውም ብዙ አልነበረችም። ያ ቆጣቢ ሐኪም በሦስት ሳምንት ያላገኘውን እነሱ በአንድ ሰዓት አገኙት።

ምርመራውንም ተመረመረ፤ «ተከፍሏል፣ ትሄዳለህ» ብላዋለች። እውነተኛው ሐኪም ወጣት ልጅ ነበር። ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ «ጤናህ ሙሉ ነው። ትንሽ ከስተሃል ብቻ፤ እስቲ ሥጋ ብላ» አለው። ሚስቱ መስኮቱን አየች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰች መስሎት ነበር፤ እየሳቀች ነው።

ነጋዴው ሦስት ወር ሰጡት፤ በወረቀት፣ በፊርማ። ባንኩ የመኪናዎቹን ሽያጭ ተቀብሎ ቀሪውን ለማራዘም እናያለን አለ። እናያለን ማለት ገና አልተፈታም ማለት ነው፤ ቤቱ ዛሬም መያዣ ነው። አምባሩም አልተመለሰም። ሚስቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ «ተሻለህ ወይ ላለህ ሰው ሁሉ እውነቱን ትናገራለህ።»

ይሄ ነው ቅጣቱ። መንገዱ ሙሉ መታመሙን ሰምቷል። ዳቦ ሻጯ «ተሻለህ ወይ?» ትለዋለች። ጋዜጣ አዟሪው «ተሻለህ ወይ?» ይለዋል። ለእያንዳንዱ ቆሞ፣ «አልታመምኩም ነበር። ዕዳ ነው፤ ውሸቴን ነው» ይላል። ስንት ጊዜ ቢሉት የማይለመድ ነገር አለ።

አንድ ጠዋት የሻንጣ ጠጋኙ ሚስት ሱሪ ይዛ ገባች። «የባሌ ነው፤ ሰፍቶታል፣ አጥብብልኝ። አንተስ ተሻለህ ወይ?»

ሜትሮ ትንፋሹን ሰብስቦ እንደ ልማዱ ነገራት፤ ሥጋውን፣ ስኳሩን፣ የሌለውን ሐኪም። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ በመሐል ቀረ። እጇ ሱሪው ላይ ነው።

«የኔም ሰውዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሐኪም ሥጋ ከለከለኝ ካለ ወር ሊሞላው ነው።»

ሁለቱም ወደ ማዶ አዩ። ሻንጣ ጠጋኙ አጎንብሶ መዶሻውን ያነሣል፣ ይጥላል። ምሳ ሰዓት ነው፤ ምሳ ዕቃ አጠገቡ የለም።

«ሱሪውን እዚህ ተይው፣ እህቴ» አለ ሜትሮ። «አሁን አላጠብበውም። ቀድመሽም አትጠይቂው። እኔ ልሂድበት፤ እኔ ፊት የሚያፍርበት ነገር የለውም።»

ሜትሩን ከአንገቱ እንዳለ ትቶ፣ ፊቱ እየጋለ፣ መንገዱን ተሻገረ።