ድምፅ ያልተሰማበት ቁልቁለት

ትናንት ከቅዳሴ ተመልሼ የጋምቤላን ሙቀት በነጠላዬ ጫፍ እያራገብሁ ሳለ የወንድሜ ሚስት ከመንዝ ደወለች። ሁለት ተሳፋሪ የጫነ ሞተር ቁልቁለታችን ላይ ተገልብጦ አንዲት ተማሪ መሞቷን ነገረችኝ።

"እንዴት?" አልኋት።

"እንጃ እትዬ፣ ፍሬን እምቢ አለው አሉ። ሲመጣ እንኳ ድምፅ አልነበረውም። የእግዜር ቁጣ ነው እንግዲህ።"

ስልኩን ስዘጋ ከኀዘኑ ንዴቱ ባሰብኝ።

ከዓመታት በፊት፣ እኔም ገና መንዝ ሳለሁ፣ የሰፈራችን ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው መሐል ሜዳ ከተማ ላይ በሞተር ሰው ማመላለስ በጀመሩበት ሰሞን፣ ከአብሮ አደጌ ከአስካለ ጋር የሠርጓን ቀሚስ ልንገዛ ገበያ ወጣን። ኅዳር ነበር፤ ውርጩ እስከ ረፋድ ሣሩ ላይ ያበራል፣ ገብሱ ይታጨዳል። በእግራችን በሶ እየቀማመስን ሄድን። ስንመለስ ግን ደክሞን ስለነበር ጌታነህ የሚባል ሞተረኛ ሁለታችንንም ከኋላው ጫነን። የራስ መከላከያውን መሪው ላይ አንጠልጥሎታል፤ ለትራፊክ ፖሊስ እንጂ ለጭንቅላቱ አልገዛውም።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋው። ቤንዚን ለመቆጠብ ሁሉም እንደዚያ ያደርጉ ነበር። ጆሮዬ ላይ ነፋሱ ብቻ ያፏጫል።

"አስነሣው ወንድሜ፣ በእመቤቴ" አልሁት።

"የቄስ ልጅ፣ አንቺ ጸልዪ፤ እኔ ልንዳበት።"

አስካለ ሳቀች። "ተይው፣ ለሠርጌ ያድርሰኝ።"

ከዚያ፣ ያለ ሞተር እገዛ ብቻውን የያዘን ፍሬን ሲቃጠል ሸተተኝ፤ ተገለበጥን። ስነቃ ከታጨደ ገብስ ላይ ወድቄያለሁ። አስካለ አንድ ድንጋይ ሥር ነበረች፤ ከዚያ አልተነሣችም።

ሽማግሌ ሲቀመጥ ጌታነህ "ፍሬን ከዳኝ፤ የእግዜር ፈቃድ ነው" አለ። እኔ ሞተሩን አጥፍቶት እንደነበር ተናገርሁ።

"ደንግጠሽ ነበር ልጄ፣ ምኑን አስታወስሽው" አሉኝ አንዱ ሽማግሌ።

ያነሡኝ አጫጆች እዚያው ተቀምጠዋል። በዚያ ገመገም ሞተር ከሩቅ ይሰማል። እነሱ ግን ከጩኸታችን በቀር ምንም እንዳልሰሙ ያን ዕለት በአፋቸው ነግረውኛል። ሽማግሌዎቹ ፊት ግን መሬት መሬቱን አዩ። እርቅ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ጌታነህ እዚያው ቁልቁለት ላይ እንደገና ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ጀመረ።

እግዚአብሔርን እፈራለሁ፤ የምቆጣውም ለዚሁ ነው። ቤንዚን የቆጠበው እግዜር አይደለም። የሰውን ጥፋት በየለቅሶው እሱን ስናሸክመው ምላሳችን እንዴት አይደርቅም?

ትናንት መንገዱ ዳር የነበራችሁ፣ እባካችሁ የልጅቷ እናት ዘንድ ሂዱ። ሞተሩን አልሰማነውም በሏት። ሽማግሌ ሲቀመጥም ይህንኑ ድገሙት፤ መሬት መሬት አትዩ።