ከላፕቶፔ የጎደለችው ዓረፍተ ነገር

ላፕቶፔ አንድ ገጽ ለመክፈት የሚፈጅበት ጊዜ እየረዘመ ሲሄድ፣ ራም የሚሉት ማስታወሻ እንዲጨመርለት ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ይዤው ሄድሁ። ክረምት ይመስለኛል፤ ጃንጥላ መያዜን አስታውሳለሁ፤ ጃንጥላ ግን በበጋም እይዛለሁ። ባለሙያዋ ቀድሞ ታሪክ ያስተማርኋት ሴት ናት። በላፕቶፑ ውስጥ በጡረታዬ የጻፍሁት የልጅነት ትዝታዬ ነበረ፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በቀር በወረቀት አልወጣም።

ካቻቪቴዋን ስታነሣ እጄን ላፕቶፑ ላይ ጫንሁ።

«ጽሑፉ ቢጠፋስ?»

«መምህር፣ ራም እህል የሚሰጣበት ምንጣፍ በሉት። ጽሑፍዎ ያለው ጎተራው ውስጥ ነው። ምንጣፍ ስጨምር ጎተራ አልነካም፣ ወላሂ።»

ምሳሌው ገባኝ፤ ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም። ሥራው አልቆ ገጹ ወዲያው ሲከፈት እንኳ አላመንሁም። በሐይቅ እስጢፋኖስ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ፣ በየኔታ ፊት በቃል ያልተወጣ ትምህርት እንደ ተያዘ አይቈጠርም ነበር።

«ምዕራፍ አንድን አንብቢልኝ፤ እኔ በቃሌ እከታተላለሁ» አልኋት።

ስልካቸው እስኪጠገን በርጩማ ላይ የተቀመጡ አንድ የእህል ነጋዴ ሐጂ ሳቁ። «ያ ረቢ! ማሽኑንም እንደ ቁርኣን ደረሳ ቁጭ አድርገው በቃሉ ሊያስወጡት ነው? ከተሳሳተ አለንጋ ነው ኩርኩም?»

«ኩርኩም ይበቃዋል።»

ማንበብ ጀመረች። አባቴ ከአምባሰል አምጥቶ ለየኔታ አስረከበኝ፤ መርቆኝ ወደ አገሩ ተመለሰ። ወደ ሚቀጥለው አንቀጽ ስታልፍ፣

«ቁሚ!» አልኋት። «ከመንገዱ መታጠፊያ ተመልሶ መጥቶ ጋቢውን ደረበልኝ የሚለው የት ሄደ?»

ፊቷ ተለዋወጠ። ወደ ላይም ወደ ታችም ፈለገች። «እዚህ የለም፣ መምህር።»

«በላው!»

«የታተመውን ይዘውታል?»

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው፣ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ጋቢም የለ፣ ኩታም የለ» ብለው ፈረዱ። «እንግዲህ ኩርኩሙ ለማን ይሁን?»

«ለላፕቶፑ የጨመርሁት ማስታወሻ ለእርስዎም ተርፎ ነው» አለች እየሳቀች።

ይቅርታ ጠየቅኋትና ዓረፍተ ነገሩን እዚያው ጻፍሁት። አባቴ በእርግጥ ተመልሶ ነበርን? መማል አልችልም። ጓደኞቼ መሬት ለመሬት በሚጎተተው ጋቢዬ ይስቁብኝ እንደ ነበር ግን አውቃለሁ፤ በልክ የተሠራ የልጅ ጋቢ ደግሞ አይጎተትም። ስለዚህ መጨረሻው ላይ «ይመስለኛል» የሚል አከልሁ።

ሐጂ ከትከሻዬ በላይ አጮልቀው አዩ። «ኧረ ያጥፉት! ጋቢው ብቻውን በእግሩ መጣ?»

«ይመስለኛል» የሚለውን አጠፋሁት። ባለሙያዋም ጽሑፉን በሁለት ፍላሽ ገልብጣ አንዱን ሰጠችኝ፤ ሁለተኛውን፣ ጠባዬን ስለምታውቅ፣ በራሷ መሳቢያ ቈለፈችበት።