የደባሱ ቤትና ቋሚው መስመር

ደባሱ ግንበኛ ነው። ከኩልመስክ ወዲህ ባለው ሸንተረር የተወለደ፣ ዕድሜው ስልሳን ያለፈ፣ ድንጋይ ሲያነሳ የትኛው ፊቱ ወደ ውጭ መዞር እንዳለበት ሳያገላብጥ የሚያውቅ ሰው። በላስታ ደንብ ክብ የሆነ፣ ባለ ፎቅ፣ ከታች ከብት ከላይ ሰው የሚያድርበት፣ ደረጃው በውጭ የሚወጣ ቤት የሚያነሱ ሰዎች እያለቁ ነው። ከቀሩት አንዱ እሱ ነው። ላሊበላ ሆቴል በሆቴል ላይ ሲሠራ የአጥር ግንብ የሚሰጠው ለእሱ ነበር። እንግዳ መምጣት ሲያቆም ሥራውም ቆመ፤ መዶሻውን ይዞ አገሩ ገባ።

ከዚያ የመብራት መስመር ዕቅድ መጣ፤ ትልቁ፣ በብረት ምሰሶ የሚሄደው። በሸንተረሩ ላይ ከደቡብ ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ ያልፋል። ከመስመሩ ግራና ቀኝ አሥራ አምስት ሜትር ውስጥ ቤት አይቆምም። ከእኔ በፊት የነበረው ቀያሽ ደባሱ ግቢ ችካል መታ፣ ኤክስ 521640 ብሎ ጻፈበት፣ “መስመሩ ቋሚ ነው፤ ከእሱ ራቁ” ብሎ ሄደ።

ቋሚ መስመር ለቀያሽ ወረቀት ላይ ከታች ወደ ላይ የተሰመረ ነው። ኤክስ ወደ ምሥራቅ ያለውን ርቀት፣ ዋይ ወደ ሰሜን ያለውን ይነግራል። በቋሚ መስመር ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ ኤክሱ አንድ ነው፤ የሚለያየው ዋዩ ብቻ ነው። ለግንበኛ ግን ቋሚ ሌላ ነው፤ አንድ ቦታ ተተክሎ ወደ ሰማይ የቆመ እንጨት። ደባሱ ቋሚው ችካሉ ነው ብሎ ያዘ። ቤቱን ድንጋይ በድንጋይ አፈረሰና ከችካሉ አርባ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቁልቁል፣ መልሶ ሠራው። ቁልቁል መሆኑ ድንጋይ ሽቅብ መሸከም ስለሚከብድ ነው። በጋው እንዳለ አለቀበት።

ቁልቁለቱ ወደ ሰሜን ነው።

እኔ የሄድኩት ምሰሶ ከመተከሉ በፊት ነጥቦቹን ላረጋግጥ ነበር። ደባሱ የበሩን ጉበን እያስተካከለ አገኘሁት።

“አያ ደባሱ፣ ይህን ቤት መቼ ሠሩት?”

“ገና መጨረሴ ነው። ሽሹ አላችሁን፣ ሸሸን።”

ሚስቱ አስቻለች ከደረጃው ላይ ሆና ሳቀች። “አሥራ አምስት ቢሉት አርባ ሄደ። ፈሪ ነው፣ ምን ታረጉታላችሁ!”

ጂፒኤሱን በሩ ላይ ያዝኩት። ኤክስ 521640። ሁለተኛ አየሁት። ያው ነው።

“አያ ደባሱ፣ አሁንም መስመሩ ላይ ነዎት።”

“ወርጃለሁ እኮ!”

“ወርደዋል። መስመሩም እዚህ ይወርዳል።”

“አብሮኝ?”

“እርስዎ ሳይመጡም እዚህ ነበር።”

መሣሪያውን ከእጄ ወሰደ። ሽቅብ እስከ ችካሉ ወጣ፣ ተመልሶ ከቤቱ አልፎ ወረደ፤ እኔ ከጎኑ እየሄድኩ አነብለታለሁ። ከታች ያለው ዋዩ ይለዋወጣል፣ ከላይ ያለው ኤክሱ ንቅንቅ አይልም።

“ይቺ የታችኛዋ ትሮጣለች፤ የላይኛዋ ምን ሆና ነው? ተበላሽታ እንዳይሆን!” አለ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረ።

“ወደ ጎን ይሂዱባት።”

ወደ ምዕራብ ጥቂት ተራመደ። የላይኛው ቁጥር ወዲያው ቀነሰ። አልተበላሸም። ደባሱ ቁጥሩን ሳይሆን እግሩን አየ።

“እንግዲያ መራቅ ማለት ወደ ጎን ነዋ።”

“ወደ ጎን ብቻ ነው።”

በምሥራቅ ገደል ነው። በምዕራብ ከግቢው ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ነው፤ የራሱ እናትም እዚያ ናት። ሸንተረሩ ጠባብ ነው፣ ያለው ይኸው ነው።

አስቻለች ከደረጃው ወርዳ መጣች። “አንተ ልጅ፣ ሽቦውን ትንሽ ዘወር ብታረጉትስ? ሽቦ አይደል እንዴ?”

የመስመሩ መሐንዲስ ጋ ደወልኩ፣ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረግሁ። የወዲህም የወዲያም ምሰሶ መሠረት በኮንክሪት ተሞልቷል፤ በመካከላቸው ሽቦ አይታጠፍም። “በቁርጥ ንገራቸው” አለና ዘጋ።

“ያ ችካል የመታው ልጅ ቋሚ ነው አለኝ” አለ ደባሱ። “ቋሚ ደግሞ አንድ ቦታ ነው የሚቆም።”

ልጁ አልዋሸም፣ እሱም አልተሳሳተም ልል ነበር። ምን ይረባዋል?

“እንደገና ይሠራዋል” አለች አስቻለች። ለእኔ ይሁን ለእሱ አልለየሁም።

“በየት መሬት? በየት ጉልበት?” አለ ደባሱ። ቁጣ የለበትም፤ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያለው።

የሚፈርስ ቤት በቀይ ቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ ደንቡ ነው። የቀለሙን ቆርቆሮ ከፍቼ ብሩሹን ነከርኩና ወደ ግድግዳው ቀረብኩ። ደባሱ እጄን ያዘ። ሊከለክለኝ መስሎኝ ቆምኩ።

“በጭቃው ላይ አታድርገው፣ ይረግፋል” አለኝ። “ድንጋዩ ላይ ቀባው።”

ከበሩ በስተቀኝ ያለውን፣ ሰፊውንና ለስላሳውን ድንጋይ በመዳፉ ጠርጎ አሳየኝ።