ወንድሜ በመጣበት ክረምት

ወረርሽኙ በገባ በሁለተኛው ዓመት ሆሳዕና ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ከሹፌራችን ጋር አንዴ ወደ ዱራሜ፣ አንዴ ወደ አዲሎ፣ አንዳንዴም ወደ ተወለድኩባት ፎንቆ እየወጣን ከታመሙ ሰዎች አፍንጫ ናሙና እንወስዳለን። ምርመራውን እኛው እንሠራለን። ቫይረሱ ከተገኘባቸው ናሙናዎች የተመረጡት ደግሞ በበረዶ ሣጥን ወደ አዲስ አበባ ይላኩና የቫይረሱ ዝርያ የትኛው እንደሆነ እዚያ ይለያል።

እናቴን ይህ ነገር አይገባትም ነበር። "በሽታ በሽታ ነው። ዝርያውን ማወቅ ምን ያደርግልሻል?" ትለኛለች።

"ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል። የዱራሜ ሰው አማርኛ ሲናገር ከእኛ እንደሚለየው በይው። ለውጡን አይቶ በየት በኩል እንደመጣ ማወቅ ይቻላል" አልኳት።

ሳቀች። "እንግዲያው የእኔም ልጅ ሲመጣ አነጋገሩ ተለውጦ ይሆናላ" አለች።

ሁሉን ነገር ወደ ወንድሜ ነበር የምታመጣው። ታላቄ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ የሰፈራችን ልጆች በኬንያ በኩል ደቡብ አፍሪካ የገባው እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። እዚያ ትንሽ ሱቅ ነበረው። በዚያ ክረምት ሱቁን ዘረፉበትና ደወለ።

"እማ፣ ባዶ እጄን ልመጣ ነው።"

"እጅህን ማን ጠየቀህ?" አለችው።

ሆሳዕና መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩት። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ጭምብል ቢያደርግም ከዓይኑ ለየሁት። ሊያቅፈኝ እጁን ሲዘረጋ ልቤ ወደ እሱ ሄደ፣ እግሬ ግን ወደ ኋላ አለ። ያን ሰሞን በሬዲዮም በታክሲም ወሬው ስለ ደቡብ አፍሪካው ዝርያ ነበር፤ ባይወራም ሥራዬ አስጠንቅቆኛል። እሱም ገብቶት እጁን ሰበሰበ።

ፎንቆ እንደደረስን የኋላውን ክፍል ለብቻው ሰጠነው። ለስንት ዓመት ከናፈቀችው ልጇ ግድግዳ ለይቷት እናቴ ደጃፉ ላይ ዱካ ላይ ትቀመጥና በተዘጋ በር ታወራዋለች። በቡላና በቅቤ የሚሠራውን አታካና ሠርታ በሩ ሥር ታስቀምጥለትና ዞር ትላለች። የመለያ ቀኖቹ ሲያልፉ ናሙና የወሰድኩት እኔው ነኝ። "አፍንጫዬን የምትወጊው አንቺ ነሽ? ሌላ ሰው የለም?" ብሎ አሾፈብኝ። ነፃ ነበር። እናቴ ያን ቀን አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለች።

ለምስጋና ጸሎት ጎረቤት ሲጠራ ቀድመው የመጡት የጎረቤታችን አባወራ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ እንደ አባት የሚያዩን ሰው። ግንባሩን ስመው አለቀሱ። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ያስላቸው ጀመር። ናሙናቸው ቫይረሱ እንዳለበት ሲታወቅ ሆስፒታል ገቡ፤ አልተመለሱም።

በሽታውን ያመጣው ወንድሜ ነው ተባለ፤ ነፃ መሆኑን የሚሰማ ሰው አልነበረም። እንዲያ ያለ ወሬ ከላቦራቶሪ ወረቀት ይፈጥናል። ቀብሩ ላይ ወንድሜ ሣጥኑን ሊሸከም ጠጋ ሲል አንድ ዘመዳቸው መዳፉን አነሳበት።

"አንተ እዚያው ሁን።"

ባሕር ዛፉ ሥር ብቻውን ቆመ። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ እናቴን ለቡና የሚጠራት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አብሯት የሚሄድ ጠፋ።

"ናሙናቸው አዲስ አበባ ተልኳል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ቆይ" ብዬ ተመልሼ እሄዳለሁ ያለውን ወንድሜን ለመንኩት።

"መቼ ይመጣል?"

"አላውቅም። ሳምንታት ይወስዳል።"

"እስከዚያ እማ ከሰው ተለይታ ትቀመጥ?"

ደቡብ አፍሪካ ያሉ ጓደኞቹ ረድተውት ተመልሶ ሄደ። የሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ የያሆዴ በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እናቴ ለበዓሉ ብላ ያስቀመጠችውን ቅቤ ለማንም ሳታካፍል ዝም ብላ ትታው ሰነበተች።

ውጤቱ የመጣው ከበዓሉ በኋላ ነው። ኃላፊያችን፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት፣ ወደ ቢሮዋ ጠራችኝ።

"የፎንቆዎቹ ደርሷል። የደቡብ አፍሪካ የተባለው አይደለም። መጀመሪያ ሕንድ ታየ የሚባለው ነው። አዲሎና ዱራሜ ቀደም ብላችሁ ከሰበሰባችሁት ውስጥም ይኸው ራሱ ተገኝቷል።"

"ወንድሜ ከመምጣቱ በፊት?"

"ከመምጣቱ በፊት።"

ወጥቼ ከሕንፃው ጀርባ አለቀስኩ። ደስታም ነበረው፤ ግን የሚነገረው ሰው አጠገቤ አልነበረም።

ኃላፊያችን የቤተ ክርስቲያኑን መሪዎች አስፈቅዳ እሁድ ፎንቆ መጣች። የማንንም ስም ሳታነሳ በሽታው በመንገዱ ላይ ባሉት ከተሞች ቀድሞ እንደነበረ፣ ማንም ቤት ይዞት እንዳልመጣ ለምዕመኑ አስረዳች። ከሰዓት የሟቹ ባለቤት ደጃችን መጡ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። እናቴ ብድግ ብላ ወንበር አቀረበችላቸው። አልተቀመጡም።

"ልጅሽን በስልክ አገናኚኝ" አሏት።

ደወልኩለትና ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ሰጠኋቸው።

"ልጄ፣ ያን ቀን እዚያው ሁን ሲሉህ ሰምቻለሁ። ክፉ አልተናገርኩህም፤ ግን ዝም አልኩ። ዝምታዬን ይቅር በለኝ።"

"እማማ፣ አባባን እኮ ቆሜ አልቅሼላቸዋለሁ። ከሩቅም ቢሆን ቀብሬያቸዋለሁ" አለ። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ያን ጊዜ አለቀሱ።

እናቴ ስልኩን ተቀብላ፣ "እንግዲህ ና" አለችው።

"እመጣለሁ እማ። ሱቁ ትንሽ ይቁምልኝና።"

እስካሁን አልመጣም። ሱቁ ቆሟል፤ አግብቷል፤ እናቴ ያላቀፈቻት ሴት ልጅ አለችው። አሁን ጭምብል የሚያደርግ ሰው አይታይም፤ ናሙና ልሰበስብ የሄድኩባቸው ከተሞችም ያን ጊዜ የረሱት ይመስላሉ። እኔ ግን ክረምት በገባ ቁጥር፣ ወንድሜ ከዚያ ክፍል ወጥቶ ጎረቤታችን ሳይታመሙ የነበሩት ጥቂት ሳምንታት ይናፍቁኛል። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ እሱና እናቴ ጓሮ እንሰት ይኮተኩቱ ነበር። ዶማ አያያዝ ረስተሃል ትለዋለች፤ አንቺ ነሽ ያላስተማርሽኝ ይላታል። በቋንቋችን በሀዲይሳ እየተነታረኩ ሲሳሳቁ ከመንገዱ ይሰማኛል። ቶሎ ገብቼ ልቀላቀላቸው ስችል አጥሩ ጋ ትንሽ ቆሜ አዳመጥኳቸው።