ቀኗን የረሳች ዜማ

ሃያ ዓመት በነርስነት ሠርታለች፤ በሽተኞቿ ግን «ዜመኛዋ» ይሏታል። የእያንዳንዱን ሰው መድኃኒት በስንኝ ቋጥራ፣ ጋሪዋን እየገፋች፣ ካርድ ሳትገልጥ ታድላለች፤ ፈረቃዋ ሲያልቅ ብቻ ሳታነብ ትፈርማለች። ካርድ የሚገልጠው ልቡ የዘነጋ ነው እያለች በባልደረቦቿ ትቀልድ ነበር።

በመስኮቱ በኩል የተኙት፣ የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ አሮጊት ልብስ ሰፊ፣ የራሳቸውን ስንኝ እንደ ልጅ ይወዷት ነበር፦

ጠዋት ለግፊትዎ ነጯን አቀምሳለሁ፣
ለአጥንትዎ ደግሞ ፀሐይ አጎርሳለሁ።

ፀሐይ ያለቻት ባለ ሐምሳ ሺህ ዩኒቷን የቪታሚን ዲ እንክብል ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጨለማ ክፍል ውስጥ የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብለው ለኖሩ ሴት፣ ብርሃን ማጉረስ ምን ክፋት አለው? ስንኟ ጣፈጠች፤ ጠዋት ጠዋት ተዜመች።

በሦስተኛው ሳምንት አሮጊቷ ውኃ አልጠግብ አሉ። ምግብ አስጠላቸው፣ አስመለሳቸው፣ ቀኑ ጠፋባቸው፤ የአልጋ ልብሱን ጠርዝ በሌለ መርፌ ይሰፉ ጀመር። ዜመኛዋ እርጅና ነው ብላ አለፈችው።

ሐኪሙ የደም ምርመራውን ይዞ መጣ። ካልሲየማቸው ከልክ አልፏል፤ ኩላሊታቸው እየደከመ ነው። ምን ምን እንደሚወስዱ ጠየቃት። በቃሏ ልትወጣው ስትል ካርዱን አሳዪኝ አላት። ገለጠችው። «በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሰኞ» ይላል። ከሥሩ አሥራ ዘጠኝ ፊርማ፣ በየቀኑ፣ ሁሉም የእሷ።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጽሑፉ እንኳ ጥርት ያለ ነው፤ የምታሳብብበት አጣች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሳላነብ በየቀኑ ሰጥቻለሁ።»

እንክብሏ ቆመች፣ ፈሳሽ ተሰቀለ። ጥፋቷን በገዛ እጇ ሪፖርት ላይ ጻፈች። ኩላሊቱ ይመለስ እንደሆነ ግን እርግጠኛ የሆነ አልነበረም። ስድስት ቀን ሽንታቸውን ራሷ ለካች። አሮጊቷ በሰመመን እጇን ይዘው አስቸገርኩሽ ልጄ ሲሏት፣ ከስድብ ይልቅ ያ አንገበገባት።

በሰባተኛው ቀን የደም ምርመራቸው ወደ ልኩ ተመለሰ፣ ኩላሊታቸውም አገገመ፤ ዓይናቸውም ጠራ። አልጋቸው ጫፍ ተቀምጣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። የአልጋ ልብሱን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ።

«እኔም ሳልለካ ቆርጬ የሰው ቀሚስ አበላሽቻለሁ» አሉ። «ያ ግን ጨርቅ ነበር፣ ልጄ።»

በማግስቱ ጋሪዋን እየገፋች መጣች፤ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም።

«ዛሬ ዜማ የለም?»

«የለም እማማ። አነባለሁ።»

«እንግዲያስ ጮክ በይ፤ እኔም ልስማ።»

ገና ፊደል እንደሚቆጥር ሰው በጣቷ እየተከተለች አነበበች። በቀይ የተሰረዘችው የቪታሚኗ መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ፤ አሮጊቷ ውኃቸውን እንደያዙ፣ እስክትጨርስ ጠበቋት።