ጽጌን ከመዘምራን ያስወጣው ጆሮዬ

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት፣ ቶኮዛ ሰፈር ባለው ሱቄ ውስጥ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቁጭ ብዬ የሠራሁትን ጉድ ልንገራችሁ። ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር... ግን ከሆዴ አልወጣ አለኝ።

ለማታውቁኝ፣ እዚህ ጆሃንስበርግ በሐበሻ ቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ ነኝ። ሰባት ዓመቴ። በኮሮናው ሎክዳውን ቤተ ክርስቲያን ከተዘጋ ወዲህ የምንገናኘው በዋትስአፕ ግሩፓችን ብቻ ነው። ማክሰኞ ዕለት ኪቦርድ የሚጫወትልን ዶክተር እሸቱ አንድ ሊንክ ላከ። ሰውየው ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነው፤ አሁን ከቤት ስለሚያስተምር ኢንተርኔት ላይ የማያገኘው ነገር የለም። የላከው የጆሮ ፈተና ነው። ሁለት ድምፅ ያሰማሃል፣ የትኛው በዜማ ከፍ እንደሚል ትመልሳለህ። ሠላሳ ጥያቄ።

«ሁላችሁም ሞክሩና ውጤታችሁን ላኩ። መሪያችን ይጀምር!» ብሎ ጻፈ።

ኢርፎኔን ሰክቼ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ የልጅ ጨዋታ ናቸው። እየቆየ ግን ሁለቱ ድምፆች ተቀራረቡ... ከዚያ ጭራሽ አንድ ሆኑብኝ። የቀረውን በግምት መታሁት።

ከሠላሳ አሥራ ሰባት።

በመሃል አንዲት ጎጎ፣ የሰፈሩ አሮጊት፣ «ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ!» ብላ አቋርጣኝ ስለነበር በእሷ አመካኘሁ። ደገምኩት። አሥራ ስድስት። አሁን ደግሞ በኢርፎኑ አመካኘሁ። ከመደርደሪያዬ አዲስ ኢርፎን ፈትቼ ሠለስኩት። አሥራ ሰባት።

ግሩፑ ላይ ሰው ውጤቱን እየላከ ነው። ሃያ ሁለት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት... «መሪያችን የት ጠፋ?» ይላሉ። እኔም «28» ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። አዎ፣ ዋሸሁ። ጭብጨባው ዘነበ። «መሪ ማለት እንዲህ ነው!»

ትንሽ ቆይቶ ጽጌ ላከች። ከነማስረጃው፣ የስልኳን ስክሪን ፎቶ አንስታ። ሠላሳ ከሠላሳ።

ጽጌ ክሊፕታውን ሰፈር ብርድ ልብስና መጋረጃ የምትሸጥ እህታችን ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ከመዘምራኑ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ልምምድ ላይ ሁሉም ቆሞ እያለ መዝሙሩን አስቆምኩና «እህት ጽጌ፣ ድምፅሽ ከዜማው እየወጣ ነው። እስቲ ለጊዜው አረፍ በይ» አልኳት። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ለጊዜው ያልኩት ሁለት ዓመት ሆነ። ስሟ ግሩፑ ላይ የቀረው ማስወጣቱን ረስቼው ነው።

ውጤቷን ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን መሰላችሁ? «ዋሽታለች!» ... እኔ፣ ያውም ከዋሸሁ ገና ሩብ ሰዓት ያልሞላኝ ሰውዬ። ደወልኩላት።

«እህት ጽጌ፣ ፈተናውን ማን ሠራልሽ?»

«ራሴ ነኝ ጋሽ ታደለ።»

«እስቲ አሁን እኔ ላሰማሽና መልሺልኝ።»

«አሁን? ደንበኛ ቆሞብኛል...» አለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «እሺ፣ ቆይ።»

ደንበኛዋን ስታስተናግድ ጠበቅኩ። አሮጌውን ስልኬን ከአዲሱ አጠገብ አድርጌ ድምፆቹን ከፈትኩላት።

«ሁለተኛው» አለች። ትክክል። «የመጀመሪያው።» ትክክል። «ሁለተኛው... በጣም በትንሹ።» ትክክል። ለእኔ አንድ የሆኑብኝን ሁሉ እሷ ከክሊፕታውን፣ በስልክ፣ በታክሲ ጥሩንባ መሃል ትለያቸዋለች። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ እኔው አቆምኩ።

«ታዲያ ያን ቀን ምን ሆነሽ ነው ከዜማው የወጣሽው?»

 

«ያን ቀን እኔ አልወጣሁም፣ ጋሽ ታደለ።»

«እና ማን ነው የወጣው?»

«አጠገቤ የቆምከው አንተ ነበርክ። ከዜማው ዝቅ ትል ነበር... ሁልጊዜም ትንሽ ዝቅ ትላለህ።»



«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰው ፊት?» አለችኝ።

ይህችን ብቻ። እኔ ግን ሰው ፊት ነበር ያስወጣኋት።

ስልኩን እንደዘጋሁ ዶክተር እሸቱ ጋ ደወልኩ። «ስዘምር ዝቅ እንደምል ታውቅ ነበር?» አልኩት። ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «አንተ ስትዘምር የኪቦርዱን ድምፅ ለምን ከፍ የማደርገው ይመስልሃል?» አለኝ።

ለካ ሁሉም ያውቃል! ሱቁን ዘግቼ ውስጥ ተቀመጥኩ። ደንበኛ ሲያንኳኳ አልከፈትኩም።

ከዚያ ግሩፑ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። በመጨረሻ ላክሁት። «28 ያልኩት ውሸት ነው። ያገኘሁት አሥራ ሰባት ነው። ያን ቀን ከዜማው የወጣሁት እኔ ሆኜ ሳለ ጽጌን አስወጣኋት። እህቴ፣ ሁሉም ባለበት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።»

ሁሉም አነበበው። አንድም ሰው አልመለሰም።

በማግስቱ ጠዋት ጽጌ ራሷ ደወለች። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ አታስብ» አለችኝ።

«ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት ትመለሻለሽ?» አልኳት። መሪነቱን ለዶክተር እሸቱ እንደማስረክብም ነገርኳት።

ሳቅ አለች። «እዚህ ክሊፕታውን፣ ከአገሬው ከሶቶዎቹ መዘምራን ጋር መዘመር ከጀመርኩ ቆየሁ እኮ። ቋንቋው ገና ይቸግረኛል... ግን ወደውኛል። እዚሁ ልሁን።»

«እሺ» አልኳት።

አሥራ ሰባት ከሠላሳ እንግዲህ የጆሮዬ ውጤት ነው... ልብን የሚፈትን ሊንክ እስካሁን ማንም ስላልላከልኝ ጌታ ይመስገን።