የራዲያተሩ አረፋ

ዛሬ ከገላን ስመለስ፣ በተሳፈርኩበት ታክሲ ጋቢና ውስጥ፣ ከዳሽቦርዱ ኋላ ውሃ ሲንቆረቆር ሰማሁ። ያ ድምፅ በልጅነቴ ከቤታችን መኪና ይሰማ ነበር።

አባቴ አቃቂ በሰቃ የታወቀ መካኒክ ነበር። አንድ ጠዋት እናቴን ጸበል ሊያደርሳት ሞተሩን አስነሣ፤ ድምፁን ሲሰማ ወርዶ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ። ውሃው ገና ሳይሞቅ አረፋ ይተፋ ነበር።

«የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል» አለኝ። «ውሃ እየጨመሩ መሸንገል ሞተሩን መግደል ነው። ዛሬውኑ ተከፍቶ መታየት አለበት።»

እናቴ ከኋላ ወንበር፣ የታመመ ጡቷን በነጠላዋ እንደ ደገፈች፣ «ሐኪሙስ ስለ እኔ ያለው ይህንኑ አልነበረም?» አለችው።

«ብረትና ሰው አንድ ነው እንዴ? እብጠት ቢላ ከነካው ይዛመታል። አንቺ ጸበልሽን ጠጪ።»

«ምነው ብረት ባደረገኝ» ብላ ሳቀች።

መኪናዋ በሳምንቷ ተጠግና ወጣች፤ ከእናቴም በኋላ ብዙ ዓመት ሠራች። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ዛሬም ሲያገኙኝ፣ «አባትህ የነካው ሞተር አይሞትም ነበር» ይሉኛል።

«አዎ» እላቸዋለሁ።